የፕሬዚዳንቱ ኮት ጨርቅ

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ?

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ በሥራ ቀን ማታ፣ ያውም በዚህ ዝናብ፣ ስለ ጨርቅ ለመስማት እዚህ ድረስ መምጣታችሁ እኔን ራሴን ገርሞኛል። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን ስለ አሜሪካ አመሠራረት አንድ ነገር ንገሪያቸው» ነበር ያሉኝ። ስለ ጦርነቱና ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚነግሯቸው መምህራን ሞልተዋል። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ ትልልቅ ሰዎች በሥዕል ላይ ተደርድረው ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮታቸው ላይ ነው።

ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ይዤ መጥቻለሁ። ከፊት ረድፍ ይጀምርና እጅ ለእጅ ተቀባበሉት። ጋሼ፣ ከእርስዎ ይጀመር። ወፍራሙ እናቴ ፈትላ አባቴ የሸመነው ጋቢ ጫፍ ነው። ስሱ አቡጀዲ ነው። ዳብሱት፣ ልጆችም ይንኩት። የአቡጀዲውን ነገር መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እንዳትጥሉብኝ ብቻ፤ ሌላ የለኝም።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ጨርቅ እንዴት የፖለቲካ ጉዳይ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ኮት። ሦስተኛ፣ ያንን «የአገር ጨርቅ» የተባለውን ማን እንደሠራው። ሦስተኛው ላይ ልቆይ እችላለሁ። ሰዓት የያዘው ወንድሜ ምልክት ቢሰጠኝ አላየሁም እላለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

እሺ፣ አንደኛው።

እንግሊዝ አሜሪካን በቅኝ ግዛት ስትገዛ ስሌቷ ቀላል ነበር። እናንተ ጥሬ ዕቃውን ላኩ፣ እኔ ሠርቼ እሸጥላችኋለሁ። በ1699 የወጣው የሱፍ ሕግ ምን ይላል? የቅኝ ግዛቱ ሰው ከበጉ ፀጉር ጨርቅ ሠርቶ ራሱ ቢለብስ ችግር የለም፤ ወደ ጎረቤት ቅኝ ግዛት ጭኖ ሊሸጥ ግን አይችልም። ልበሰው፣ አትነግድበት ነው ነገሩ። ስለዚህ ጥሩ ጨርቅ የፈለገ ሁሉ ከለንደን በመርከብ የመጣውን ይገዛል። የሚገዛውም በዱቤ ነው። ሀብታሙ የቨርጂኒያ ገበሬ የትምባሆ ምርቱን ይልክና በለውጡ ልብስ ያዝዛል፤ ልብሱ ሲመጣ ዕዳም አብሮ ይመጣል። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ለለንደን ወኪሉ የሚጽፈው ደብዳቤ በእንዲህ ዓይነት ትዕዛዝና እሮሮ የተሞላ ነው።

በ1765 እንግሊዝ የቴምብር ቀረጥ ስትጥልባቸው ነጋዴዎቹ አደሙ፤ የእንግሊዝ ዕቃ አናስገባም አሉ። በየካቲት 1766 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለንደን ፓርላማ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። የአሜሪካኖች ኩራት ድሮ ምን ነበር? «የእንግሊዝን ፋሽንና ዕቃ መልበስ» አለ። አሁንስ ኩራታቸው ምንድን ነው? «አዲስ ልብስ ራሳቸው እስኪሠሩ ድረስ አሮጌያቸውን ደግመው መልበስ» አለ። ይህን መልስ በጣም እወደዋለሁ። እናንተስ? አዲስ ልብስ ያልገዛ ሰው በአገራችን ያፍራል፤ ፍራንክሊን እፍረቱን ወደ ኩራት አዞረው።

በ1767 ሌላ ቀረጥ ሲመጣ ሴቶቹ ተነሡ። ከ1768 ጀምሮ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው በሰሜን ምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል መንደሮች የፈትል ደቦ ተጀመረ። አዎ፣ ደቦ! ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ሴቶቹ የመፍተያ መንኮራኩራቸውን ተሸክመው ጎህ ሲቀድ ቄሱ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲፈትሉ ይውላሉ፣ ማታ ልቃቂቱን ለቄሱ አስረክበው ስብከት ሰምተው ይበተናሉ። ጋዜጣው ደግሞ በማግስቱ ስንት ሴት እንደመጣች፣ ስንት ጥቅል ክር እንደተፈተለ ቆጥሮ ያወጣል። (ድር ቢያብር የሚለውን ተረት እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። አልተርትም። አባቴ ይህን ተረት ሲሰማ ይስቅ ነበር፤ «ድርና ማግ ካላበረማ ድሩ ብቻውን አንበሳም አያስር» ይላል።)

በ1768 የሃርቫርድ ተመራቂዎች የአገር ጨርቅ ለብሰው ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1769 ዛሬ ብራውን የሚባለው የሮድ አይላንድ ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲያስመርቅ፣ ተመራቂዎቹም ፕሬዚዳንቱም አሜሪካ የተሠራ ለብሰው ነበር። ልጆች፣ ምረቃ ስትደርሱ ይህን አስታውሱ፤ የተከራያችሁት ጋውን የት እንደተሰፋ ገልብጣችሁ እዩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ላውራ። እኔ የተወለድኩበት ሰፈር ውስጥ የፈትል ነገር ክብር አልነበረውም። ፈትሉ ክብር አለው፣ ሸማው ክብር አለው፣ ሸማኔው የለውም! ትምህርት ቤት ልጆች «ቁጢት በጣሽ» ይሉኝ ነበር። ትልልቆቻችሁ ስድቡን ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ባያውቁት ይሻላል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ያወጡት ወደው አይደለም። እና አንድ ቀን እያለቀስኩ ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ከጉድጓዱ ሳይወጣ፣ እግሩን ከመርገጫው ሳያነሳ፣ «የሰደበሽ ልጅ ምን ለብሶ ነበር?» አለኝ። ነጠላ ለብሷል አልኩት። «እንግዲያው ከእኔ ሥራ ጋር ነው የተጣላው፤ ይለምደዋል» አለና መወርወሪያውን ወረወረ።

ይህን ያነሣሁት እንግሊዝኛውም ተመሳሳይ ነገር ስላለው ነው። ቤት ውስጥ የተፈተለ ጨርቅ የሚጠራበት ቃል «ባላገር፣ ያልተወለወለ ሰው» የሚል ትርጉምም ነበረው። በአድማው ዘመን ግን ያው ቃል የአርበኛ ልብስ ስም ሆነ። ቃሉ አንድ ነው፤ የለበሰው ሰው ተቀየረ።

ከዚያ ጦርነት ሆነ፣ በ1783 ሰላም ተፈረመ፣ ነጻ ወጡ። የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ይመስላችኋል? የእንግሊዝ ጨርቅ መግዛት! የእንግሊዝ ነጋዴ ለዓመታት ያከማቸውን ሱፍና ባለ አበባ ቺት በመርከብ አምጥቶ ዘረገፈው፤ ርካሽ ነው፣ ያማረ ነው፣ በዱቤ ነው። ማን ይታቀባል? ቀረጡ ሲመጣ የታቀበች ሴት ሁሉ አሁን ሱቅ ውስጥ ናት። አልፈርድባትም። ስምንት ዓመት ሙሉ አሮጌ ቀሚስ ለብሳለች።

ሁለተኛው፤ ኮቱ።

በጥር 1789 ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት መሆኑ እርግጥ እየሆነ ነው። ገና ቨርጂኒያ ቤቱ ተቀምጦ ለጄኔራል ሄንሪ ኖክስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኮኔቲከት ውስጥ ሃርትፈርድ የሚሠራውን ሱፍ ግዛልኝ አለ። በዚያው ቀን ለፈረንሳዊው ወዳጁ ለላፋዬትም ጻፈ፤ አንድ ጨዋ ሰው ከአገሩ ጨርቅ ሌላ ለብሶ መታየት ፋሽን ያለፈበት የሚሆንበት ጊዜ ሩቅ እንዳይሆን ተስፋ አደርጋለሁ አለው። ቃሉን ልብ በሉ፤ «ፋሽን»። አገር ወዳድነት አላለም፣ ግዴታ አላለም። ሰው ልብስ የሚለብሰው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

የሃርትፈርድ የሱፍ ፋብሪካ በ1788 የተቋቋመ ነው፤ ጀረማያ ዋድስዎርዝ የሚባል ነጋዴና ጓደኞቹ አክሲዮን አዋጥተው ነው የጀመሩት። ሚያዝያ 30 ቀን 1789 ኒውዮርክ ላይ ዋሽንግተን ቃለ መሐላ ሲፈጽም የለበሰው ቡናማ ሙሉ ልብስ ከዚያ ጨርቅ የተሰፋ ነበር። ቁልፎቹ ላይ ንስር ተቀርጾባቸዋል። ምክትሉ ጆን አዳምስም ከዚያው ፋብሪካ ጨርቅ ለብሷል። ዋሽንግተን እግሩ ላይ ያደረገው ግን ነጭ የሐር ካልሲ ነው! እስከ ጉልበት የአገር ልጅ፣ ከጉልበት በታች ሐር። እንዲህ ስል አንዳንዶቻችሁ እየሳቃችሁ ነው፤ እኔም በየበዓሉ ከላይ የሀበሻ ቀሚስ ከታች የጣሊያን ጫማ አድርጌ ስለምመጣ ነው አይደል?

በዚያው ዓመት በጥቅምት ፕሬዚዳንቱ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ፋብሪካውን ጎበኘ። ማታ በማስታወሻው ምን ጻፈ? ሱፋቸው ገና አንደኛ ደረጃ አይደለም፣ ግን ጥሩ ነው። በቃ፣ ይህ ነው። አላሞገሰም፣ አልናቀም። ለራሱ አንድ ሙሉ ልብስ፣ ለአገልጋዮቹ ሱሪ ደግሞ ከተራው ጨርቅ አንድ ሙሉ ጣቃ አዘዘ። ይህቺን ጣቃ በልባችሁ ያዟት፣ እመለስባታለሁ።

ታዲያ ፋብሪካው ምን ሆነ? በ1790ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ ለብሶት ተዘጋ! ጥሩ የበግ ፀጉር እንደ ልብ አይገኝም፣ ሙያ ያለው ሠራተኛ የለም፣ የቀን ሙያተኛ ውድ ነው፣ የእንግሊዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ረክሶ ተቀምጧል። ኮንግረስ ሐምሌ 4 ቀን 1789 ያወጣው የመጀመሪያው የቀረጥ ሕግ አብዛኛው ዕቃ ላይ የጣለው 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለማንም ጥላ አይሆንም።

ፊላዴልፊያም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1788 ሕገ መንግሥቱ መጽደቁን ለማክበር ታላቅ ሰልፍ ወጣ። አሥር ፈረስ የሚስበው ረጅም መድረክ ላይ የጥጥ መንደፊያ ማሽን፣ 80 እንዝርት ያለው መፍተያና የሽመና ዕቃ ተጭኖ ሰዎቹ እየሠሩ መንገዱን አቋርጠው አለፉ። ጨርቅ አታሚው ጆን ሂውሰንም እዚያው ላይ እያተመ፣ ሚስቱና አራት ሴቶች ልጆቹ ደግሞ የራሳቸውን ሥራ ለብሰው ጨርቁን በብሩሽ እየቀቡ። እስቲ አስቡት! ሰማንያ እንዝርት በአንድ ሴት እጅ! እናቴ ያላት አንድ ናት፤ ጭኗ ላይ አሽከርክራ የምትለቃት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1790፣ እነዚያ ማሽኖች የመጡበት የፊላዴልፊያ ማምረቻ ተቃጠለ። ሆን ተብሎ ነው ተባለ።

እንግዲህ ጠይቁኝ፤ ፋብሪካው ከተዘጋ፣ ማምረቻው ከተቃጠለ፣ አሜሪካኖች ምን ለብሰው ኖሩ? ወደ ሦስተኛው ገባን ማለት ነው።

የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን በታኅሣሥ 1791 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ በብዙ ወረዳዎች ሕዝቡ ከሚለብሰው ከሦስት ሁለት እጁን፣ አንዳንድ ቦታ ከአምስት አራት እጁን ራሱ ቤቱ ይሠራል ይላል። በ1810 የዚያ ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር አልበርት ጋላቲን ሲያጠና ከከተማ ውጭ ያለው ሰው አሁንም ከሦስት ሁለት እጁን በቤት ሥራ ነው የሚለብሰው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት የአገር ጨርቅ ነበር። አንደኛው ጨዋው ሰው መርጦ፣ ገንዘብ ጨምሮ፣ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣለት የሚለብሰው። ሁለተኛው የገበሬ ሚስት ሌላ ስለሌላት የምትሠራው። ይህችን ሴት ማንም «እንዴት ያለሽ አርበኛ ነሽ!» ብሏት አያውቅም።

ሥራዋን ላሳያችሁ። ተልባ ትዘራለች። እኛ ፍሬውን ቆልተን ወቅጠን በጾም እንጠጣዋለን፤ እነሱ እግሩን ይለብሱታል። መጽሐፍ ቅዱሳችን «የተልባ እግር» የሚለው ይኸው ነው። ተነቅሎ ይደርቃል፤ ጤዛ ላይ ወይም ውሃ ውስጥ ተኝቶ ቅርፊቱ እስኪበሰብስ ይቆያል፤ ይደርቅና በእንጨት መስበሪያ ይሰበራል፤ ይመታል፤ የብረት ጥርስ ባለው ማበጠሪያ እየተሳበ ይበጠራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ገና መፈተል የሚጀመረው። ለአንድ ሸማኔ ደግሞ የአንዲት ሴት ፈትል አይበቃም፤ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሰማያዊ ቀለም ካማራት ኢንዲጎውን በማሰሮ ታቦካለች፤ የምታቦካው በቤተሰቡ ሽንት ነው። ሽታውን አስቡት፤ ማሰሮው ያለው ምድጃው አጠገብ ነው።

ሜይን ውስጥ ሃሎዌል በሚባል ቦታ ማርታ ባላርድ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ከ1785 እስከ 1812 በየቀኑ ማስታወሻ ጽፋለች፤ 816 ወሊድ መዝግባለች። በዚያው ማስታወሻ ውስጥ ተልባ ተነቀለ፣ ልጄ ድር አስገባች፣ ጎረቤት መጥታ አገዘች የሚል ነው የሞላው። ክሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ አንዷ ትፈትላለች፣ ሌላዋ ትሸምናለች፣ ሒሳቡ በጨርቅ፣ በቅቤ፣ በሥራ ይወራረዳል። ገንዘብ እምብዛም እጅ አይነካም። የእኔ እናት ማስታወሻ መጻፍ ብትችል ኖሮ ቃል በቃል ይህንኑ ትጽፍ ነበር። እሁድ ቡና ላይ፣ እንዝርቷ ከእጇ ሳይወጣ፣ «የእከሊት ባዘቶ አለብኝ» ትላለች፤ ያ ዕዳ ነው፣ የተጻፈ ውል ያህል።

አሁን ሳሙኤል ስሌተርን ላምጣ። እንግሊዝ ማሽኗም ሆነ የማሽን ሠራተኛዋ ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ትከለክል ነበር። ስሌተር ደርቢሸር ውስጥ በጥጥ ፋብሪካ የሠለጠነ ወጣት ነው፤ በ1789 ገበሬ ነኝ ብሎ መርከብ ተሳፈረ። የማሽን ንድፍ በወረቀት አልያዘም፤ ማሽኑን በጭንቅላቱ ነው የያዘው። ሮድ አይላንድ ደርሶ ሞዝስ ብራውን ከሚባል ነጋዴ ጋር ተስማማና በታኅሣሥ 1790 ፖታኬት ላይ በውሃ ኃይል መፍተል ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞቹ ዘጠኝ ልጆች ናቸው። ልጆች! እዚህ ከፊት የተቀመጣችሁትን የምታክሉ።

ስሌተር የሠራው ክር ነው፤ ጨርቅ አይደለም። ክሩ ተሽጦ ወይም ተከፋፍሎ ቤት ለቤት ይሸመናል። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ዛሬም እንዲሁ ነው፤ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ስለዚህ ያኔ «የአገር ጨርቅ ገዛሁ» የሚል ሰው የሚገዛው ግማሹ ከፋብሪካ ግማሹ ከሴቶች ቤት የወጣ ነው።

ጥጡስ? ጥጡን ማን አመረተው?

ሞዝስ ብራውን ኩዌከር የሚባለው የክርስትና እምነት ተከታይ ነው፣ ባሪያዎቹን ነጻ ያወጣ፣ የባሪያ ንግድን በግልጽ የተቃወመ ሰው ነው። ፋብሪካውን ያቋቋመው ግን ጥጥ የሚፈትል ፋብሪካ ነው። በ1793 ኢላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫ ማሽኑን ሠራ። እናቶች፣ መዳመጥን ታውቁታላችሁ፤ ድንጋዩ ላይ ጥጡን አድርጎ በብረት ዘንግ ፍሬውን ማስወጣት፤ ቀኑን ሙሉ ደምጠሽ አንድ እፍኝ ነው የምታገኚው። ማሽኑ ያን ሥራ አቀለለው። ማሽን ሲመጣ ሰው የሚያርፍ ይመስላችኋል? መዳመጡ ሲቀልል ብዙ ጥጥ መዝራት አዋጣ፤ ብዙ ጥጥ ሲዘራ የሚለቅም ብዙ እጅ ተፈለገ፤ ያ እጅ የባሪያ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ቦስተን ውስጥ «የአገሬን ለበስኩ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሰው፣ የለበሰው ጆርጂያና ካሮላይና በጅራፍ የተለቀመ ጥጥ ሊሆን ይችላል። ሮድ አይላንድ ውስጥ ደግሞ ለባሪያዎች ልብስ ብቻ ተብሎ ሻካራ ጨርቅ እየሠሩ ወደ ደቡብ የሚሸጡ ፋብሪካዎች ነበሩ። የጨርቁ የንግድ ስም ራሱ የሚለብሰውን ሰው ዘር የሚጠራ ነው። ጥጡ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ጨርቅ ሆኖ ወደ ለቃሚው ጀርባ ይመለሳል። የዋሽንግተንን ጣቃ ታስታውሳላችሁ? ለአገልጋዮች ሱሪ ያለውን? ቤቱ ውስጥ ከነበሩት አገልጋዮች ባሪያዎች ነበሩባቸው።

ቶማስ ጄፈርሰን እዚህ ጋ ይገባል። ይህ ሰው በ1780ዎቹ «ፋብሪካዎቻችን አውሮፓ ይቅሩልን» ያለ ሰው ነው፤ እኛ አራሾች እንሁን ባይ ነበር። ከዚያ ፕሬዚዳንት ሆነና በታኅሣሥ 1807 ወደብ ዘጋ፤ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጠብ ለመሸሽ የአሜሪካ መርከብ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደ። ንግዱ ሞተ፣ የወደብ ከተሞች አለቀሱ፣ የአገር ጨርቅ ግን አበበ። በኅዳር 1808 ኮኔቲከት ላለ ሰው ደብዳቤ ጽፎ «የቤት ፈትል የዘመኑ መንፈስ ሆኗል» አለና ከኮሎኔል ዴቪድ ሃምፍሪስ ፋብሪካ ምርጡን ሱፍ ግዛልኝ ብሎ ለመነ። ሃምፍሪስ ስፔን አምባሳደር ሆኖ ሠርቶ በ1802 ሜሪኖ የሚባለውን ፀጉረ ለስላሳ በግ መንጋ በመርከብ ይዞ የመጣ ሰው ነው። የሃርትፈርዱ ፋብሪካ ያጣው ፀጉር አሁን በዚህ ተገኘ። መጋቢት 4 ቀን 1809 ጄምስ ማዲሰን ቃለ መሐላ ሲፈጽም ከዚህ የሜሪኖ ፀጉር አሜሪካ የተሠራ ሙሉ ልብስ ለበሰ። ሃያ ዓመት አልፎ ሁለተኛ ኮት።

ጄፈርሰን በእርሻው ላይም ፈትል አስፈትሏል። በእጁ በጻፈው የእርሻ ደንብ ላይ፣ ባሪያ ከሆኑ ልጆች ከ10 እስከ 16 ዓመት ያሉት ወንዶቹ ምስማር ይሥሩ፣ ሴቶቹ ይፍተሉ ይላል። አሥር ዓመት። እኔ በአሥር ዓመቴ እናቴ እንዝርት አስጨብጣኝ ክሩ እየተበጠሰብኝ አስቸገርኳት፤ ሳቀችና «ሂጂ ተጫወቺ» አለችኝ። ለእነዚያ ልጆች «ሂጂ ተጫወቺ» የሚል አልነበረም።

ወደ ገበያው ልመለስ። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር እንደገና የተነሣው ጦርነት በ1815 ሲያልቅ የእንግሊዝ ጨርቅ እንደገና ጎረፈ። ሄንሪ ብሩም የሚባለው የፓርላማ አባል በ1816 አልደበቀም፤ መጀመሪያ ላይ ከስሮም ቢሆን መላኩ ያዋጣል፣ ጦርነቱ አሜሪካ ውስጥ ያስወለዳቸውን ፋብሪካዎች በእንቅልፍ አልጋቸው ላይ ለማፈን ነው አለ። አያችሁ? ከስሮ መሸጥ! ርካሽ ጨርቅ ሁልጊዜ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚረክሰው።

አሜሪካኖቹ በዚህ ጊዜ ኮት በመልበስ አልመለሱላቸውም። በ1816 ሕግ አወጡ። ሕጉ ብልህ ነው፤ ጥጥ ጨርቅ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ፣ ሆኖም ያርዱ ከ25 ሳንቲም በታች የሆነ ጨርቅ ሁሉ 25 ሳንቲም እንደሆነ ተቆጥሮ ይቀረጣል። ስለዚህ በጣም ርካሹ ጨርቅ ከዋጋው አንጻር በጣም ብዙ ይከፍላል። የሚመታው ከህንድ የሚመጣው ሻካራ ጥጥ ነው። ማንን ጠቀመ? ልክ እንደዚያ ያለ ሻካራ ጨርቅ ቦስተን አጠገብ ዎልተም ላይ በማሽን መሸመን የጀመረውን የፍራንሲስ ካቦት ሎውልን ኩባንያ። ሎውል እንግሊዝ ሄዶ ማሽኑን በዓይኑ ቃርሞ የመጣ ሰው ነው፤ ሕጉ እንዲወጣም ዋሽንግተን ከተማ ድረስ ሄዶ ወትውቷል። ጄፈርሰንም በዚያው ዓመት በጥር ቃሉን ቀየረ፤ እኩያው አገር ውስጥ እስከተገኘ ድረስ የዋጋ ልዩነት ሳናይ የውጭ አንግዛ ብሎ ጻፈ። ዋጋ ሳናይ ማለት ለእሱ ቀላል ነው። ለማርታ ባላርድ ጎረቤቶች ይቀላል ወይ?

ሎውል ከሞተ በኋላ በስሙ ከተማ ተቆረቆረ። ሄጄ አይቻለሁ። ቡት የሚባለው አሮጌ ፋብሪካ ሙዚየም ሆኗል፤ የሽመና ክፍሉ ከነማሽኑ አለ፣ ያስነሱታል። ከመግባታችን በፊት የጆሮ መድፈኛ ሰጡን። እኔ የሽመና ድምፅ አውቃለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። አባዬ ሲሸምን መወርወሪያው «ሽው» ይላል፣ መርገጫው «ጠቅ» ይላል፣ በመሐል ያዜማል። በሩ ሲከፈት ወለሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ድምፁ በጆሮ አይደለም የሚገባው፣ በጥርስ ነው! አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ በዚህ ውስጥ በቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሰዓት ትቆማለች፤ ማዜም የለም፣ ማውራት የለም። መድፈኛውን ከኪሴ አውጥቼ ሰካሁ። እነዚያ ልጆች በ1834 እና በ1836 ደሞዝና የመኝታ ቤት ኪራይ ላይ አድመው አደባባይ ወጥተዋል። ከአድማ የጀመረው የአገር ጨርቅ አድማ ተደረገበት።

እሺ፣ ሰዓት ያዡ እጁን እያወዛወዘ ነው። አየሁት።

አቡጀዲው አሁን የት ደረሰ? እዚያ ከኋላ? እትዬ፣ እርስዎ ጋ ይቆይ።

የሎውል ፋብሪካዎች የሚሠሩት ያልነጣ ወፍራም ጥጥ ከአገር ገበያ ሲተርፍ በመርከብ ወጣ። አሜሪካ በ1833 ከኦማንና ዛንዚባር ሱልጣን ጋር የንግድ ውል ፈረመች፤ የሴለም ወደብ ነጋዴዎች ጨርቁን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አጎረፉት። በስዋሂሊ እስከ ዛሬ «መሪካኒ» ይባላል። ወደ እኛም ገባ፤ አቡጀዲ አልነው። ሮበርት ስኪነር የሚባለው የአሜሪካ ቆንስል በ1903 በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ወጥቶ ታኅሣሥ 27 ቀን ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈርም ዋና ጉዳዩ ይህ ጨርቅ ነበር። ያኔ በሐረርና በአዲስ አበባ ገበያ የአሜሪካ አቡጀዲ ዋና ሸቀጥ ነው። በአልጋው ላይ እንዳይታፈን ቀረጥ የተሠራለት ሕፃን አድጎ የሰው አገር ሸማኔ ደጃፍ ቆመ። ለእኛ ሸማኔ ግን ቀረጥ ያሰበለት አልነበረም።

አባቴ በደረሰበት ዘመን የአሜሪካው በጃፓንና በድሬዳዋ ተተክቷል፤ ስሙ ግን ያው ነው። አባቴ በሕይወት ዘመኑ ስንት ጋቢ፣ ስንት ኩታ፣ ስንት ቡልኮ እንደሸመነ አላውቅም። ለገበያ ነው፤ ቤት አያድርም። እሱ ራሱ በሥራ ቀን የሚለብሰው ከመርካቶ ጣቃ ላይ የተቀደደ ሸሚዝ ነበር፣ ክንዱ ላይ የተጣፈ። እትዬ እጅዎ ላይ ያለው የዚያ ሸሚዝ እጅጌ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ጥልፍ የሚመስለው የእናቴ ጣፋ ናት፤ ክሩ የራሷ ፈትል ነው።

ሁለቱንም ወደ ፊት መልሱልኝ። ሻዩ ቀርቧል፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።